እውነተኛ መልስ ፍለጋ፦ የጠቅላላ እውቀት ውድድር ታሪክ

የአገራችን ልጆች ሲመሽ ተሰብስበው «እንቆቅልሽ» ሲባባሉ መልሱ የጠፋበት ልጅ አገር ይሰጣል። ጎንደርን ወይም ሐረርን የተቀበለው ጠያቂም አገሩን ገብቶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ጥቂት ከተመጻደቀ በኋላ መልሱን ይናገራል። ጨዋታው የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ መላሹ በራሱ አእምሮ ማሰብ አለበት፣ ጠያቂው የያዘው መልስም እውነተኛ መሆን አለበት። ባለፉት 90 ዓመታት በሬዲዮ፣ በመጽሐፍ፣ በቴሌቪዥንና በጠረጴዛ ጨዋታ ዓለምን ያዳረሰው የጠቅላላ እውቀት ውድድርም ከነዚህ ሁለት ሕጎች አልወጣም። ታሪኩ ከፍ ያለው ሕጎቹ ሲከበሩ፣ የወደቀው ሲጣሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሬዲዮው ዘመን

በ1930ዎቹ አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት በተመታችበት ጊዜ ሬዲዮ በየቤቱ የሚገኝ፣ የመግቢያ ዋጋ የማይከፈልበት መዝናኛ ነበር። በ1936 ሲ.ቢ.ኤስ. «ፕሮፌሰር ኩዊዝ» የተባለ የጥያቄና መልስ ዝግጅት ማሰራጨት ጀመረ። በ1938 የመጣው «ኢንፎርሜሽን ፕሊዝ» ደግሞ ነገሩን ገለበጠው፤ ጠያቂው አድማጭ፣ ተጠያቂዎቹ ምሁራን ሆኑ። ሰዎች ከየገጠሩና ከየከተማው ጥያቄ በፖስታ ይልካሉ፤ ስቱዲዮ የተቀመጡት አዋቂዎች መመለስ ሲያቅታቸው ጠያቂው ይሸለማል። ሽልማቱ መጀመሪያ ጥቂት ዶላር ነበር፤ በኋላ ሙሉው የኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ጥራዝ ተጨመረበት። ስሙ የማይታወቅ ተራ ሰው የተማሩትን ዝም ማሰኘት መቻሉ የዝግጅቱ ትልቁ ጣዕም ነበር።

በ1940 «ቴክ ኢት ኦር ሊቭ ኢት» የተባለ ሌላ የሬዲዮ ዝግጅት ተጀመረ። ተወዳዳሪው በ1 ዶላር ይነሣና በመለሰ ቁጥር ገንዘቡ በእጥፍ እያደገ እስከ 64 ዶላር ይደርሳል። በየደረጃው ያገኘውን ይዞ መውጣት፣ ወይም ሁሉንም አስይዞ መቀጠል የራሱ ምርጫ ነው። «የ64 ዶላር ጥያቄ» የሚለው አነጋገር ከስቱዲዮ ወጥቶ በአሜሪካውያን አፍ የከባድ ጥያቄ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ዛሬም በቴሌቪዥን ውድድሮች የምናየው «ልውጣ ወይስ ልቀጥል» የሚል ጭንቀት የሚመነጨው ከዚህ ዓይነት አሠራር ነው።

አንዲት ወፍ ያመጣችው መጽሐፍ

ኅዳር አካባቢ ነው፤ ኖቬምበር 1951። የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ሰር ሂው ቢቨር አየርላንድ ውስጥ በዌክስፎርድ ወፍ አደን ወጥተው ሳለ ጎልደን ፕሎቨር የተባለች ወፍ ተኩሰው ሳቷት። ማታ ተጋብዘው ባረፉበት ቤት ክርክር ተነሣ፤ በአውሮፓ ከሚታደኑ ወፎች ፈጣኗ ይህች ናት ወይስ ግራውስ የተባለችው? መጻሕፍት ቢገላበጡም መልስ አልተገኘም። ቢቨርም በብሪታንያና በአየርላንድ መጠጥ ቤቶች ሁሉ እንዲህ ያለ ክርክር በየማታው እንደሚነሣና ዳኛ እንደሌለው ተገነዘቡ።

ሐሳቡ መልክ የያዘው በ1954 ነው። የጊነስ ባልደረባ የነበረው ሯጭ ክሪስቶፈር ቻታዌይ፣ በለንደን ለጋዜጦች መረጃ እያጣሩ የሚያቀርቡትን መንትዮች ኖሪስና ሮስ ማክዊርተርን አስተዋወቀ። ቻታዌይ በዚያው ዓመት በሜይ 6 ሮጀር ባኒስተር አንድ ማይልን ለመጀመሪያ ጊዜ ከ4 ደቂቃ በታች፣ በ3 ደቂቃ ከ59.4 ሰከንድ፣ ሲሮጥ ፍጥነቱን እየጠበቀ ከፊቱ ከሮጡት ሁለት ሯጮች አንዱ ነበር። ያን ሰዓት በድምፅ ማጉያ ለሕዝቡ ያበሠረውም ኖሪስ ማክዊርተር ነው። መንትዮቹ ያዘጋጁት «ጊነስ ቡክ ኦፍ ሬከርድስ» በኦገስት 1955 በ198 ገጽ ታትሞ ወጣ፤ የገና በዓል ሲደርስ በብሪታንያ ከመጻሕፍት ሁሉ በሽያጭ አንደኛ ሆነ። መጽሐፉ የተወደደው ክርክርን በጩኸት ሳይሆን በተጣራ መረጃ ስለሚዘጋ ነው።

ገንዘቡ ሲበዛ

እስከ 1954 ድረስ የአሜሪካ መገናኛ ብዙኃን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ገንዘብ የሚሸልሙ ዝግጅቶችን ከቁማር ሊቆጥራቸው ይሞክር ነበር። በዚያ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቁማር አይደሉም ሲል ወሰነ። በሩ ተከፈተ። በጁን 1955 ሲ.ቢ.ኤስ. «የ64,000 ዶላር ጥያቄ» የተባለውን የቴሌቪዥን ውድድር ጀመረ፤ የሬዲዮው 64 ዶላር በአንድ ጊዜ 1,000 ጊዜ አደገ ማለት ነው። ስፖንሰሩ የመዋቢያ ዕቃ አምራቹ ሬቭሎን ነበር።

በዚህ መድረክ ከታዩት ሁሉ የማይረሳው የጆይስ ብራዘርስ ታሪክ ነው። ብራዘርስ የሥነ ልቡና ምሁር ናት፤ የተወዳደረችበት ርእስ ግን ቦክስ ነበር። ስለ ቦክስ የተጻፈውን ሁሉ ሰብስባ በቃሏ አጠናች። ስፖንሰሩ ከውድድሩ እንድትወጣ ፈልጎ ስለነበር ጥያቄዎቹ እንዲከብዱባት ተደረገ፤ እሷ ግን ሁሉንም መልሳ 64,000 ዶላሩን ወሰደች። የብራዘርስ ድል የራሷ ነው። ነገር ግን ስፖንሰር ማን ይቆይ፣ ማን ይውጣ እያለ የሚያዝበት ውድድር ወዴት እንደሚያመራ ምልክቱ ያኔውኑ ታይቶ ነበር።

የመስታወቱ ክፍል

ሴፕቴምበር 1956 ኤን.ቢ.ሲ. «ትዌንቲ ዋን» የተባለውን ውድድር ጀመረ። ሁለት ተወዳዳሪዎች በየራሳቸው የመስታወት ክፍል ውስጥ ይቆማሉ፤ ከ1 እስከ 11 ነጥብ ከሚያወጡ ጥያቄዎች እየመረጡ ቀድሞ 21 የሞላ ያሸንፋል። የመጀመሪያው ዝግጅት ያለ ተንኮል የተካሄደ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ግን ጥያቄ በጥያቄ ላይ ሳቱ፤ ዝግጅቱ ቀዘቀዘ። ስፖንሰሩ ተቆጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዘጋጆቹ ዕጣውን ለዕድል ላለመተው ቆረጡ።

የመረጡት ኸርበርት ስቴምፕልን ነው። ስቴምፕል ከኒው ዮርክ ኩዊንስ የመጣ፣ ከውትድርና ተመልሶ ሲቲ ኮሌጅ የሚማር፣ በእርግጥም ብዙ የሚያውቅ ሰው ነበር። አዘጋጁ ዳን ኤንራይት ጥያቄውን ከነመልሱ ሰጠው፤ እንዴት እንደሚያስብ፣ መቼ ላቡን እንደሚጠርግ፣ መቼ እንደሚንተባተብ አስጠናው። ጸጉሩን አሳጥሮ እንዲቆረጥ፣ የማይሆነውን ልብስ እንዲለብስ አደረገው። ላቡ እውነተኛ እንዲመስል የክፍሉ አየር ማቀዝቀዣ ይጠፋ ነበር።

ስቴምፕል ለሳምንታት ካሸነፈ በኋላ ተመልካች ሰለቸው ተባለ። በምትኩ የተገኘው ቻርልስ ቫን ዶረን ነው፤ የታወቀ የምሁራን ቤተሰብ ልጅ፣ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህር፣ መልከ መልካም፣ ንግግሩ ለዛ ያለው። በዲሴምበር 1956 ስቴምፕል እንዲሸነፍ ታዘዘ። ከተሰጡት ጥያቄዎች አንዱ የ1955 ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር ያገኘው የትኛው ነው የሚል ነበር። መልሱ «ማርቲ» ነው። ስቴምፕል ፊልሙን በጣም ከመውደዱ የተነሣ ሦስት ጊዜ አይቶታል። እንደታዘዘው ግን የ1954ቱን አሸናፊ «ኦን ዘ ወተርፍሮንት»ን ተናገረ። የሚያውቀውን እውነት በሚሊዮኖች ፊት መካዱ ከገንዘቡ ይልቅ እንዳንገበገበው ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ተናግሯል።

ቫን ዶረን በየሳምንቱ እያሸነፈ 129,000 ዶላር ደረሰ። የዩኒቨርሲቲ ደመወዙ በዓመት 4,400 ዶላር ነበር። በፌብሩዋሪ 1957 «ታይም» መጽሔት በሽፋኑ ላይ አወጣው፤ ወላጆች ለልጆቻቸው ምሳሌ አድርገው ይጠቅሱት ጀመር። ስቴምፕል ማጭበርበሩን ለጋዜጦች ቢናገርም ተሸንፎ የቀና ሰው ተደርጎ ተቆጠረ። በኦገስት 1958 «ዶቶ» በተባለ ሌላ ውድድር የአንዲት ተወዳዳሪ ማስታወሻ ደብተር መልሶቹ ተጽፈውበት ሲገኝ ግን ነገሩ ፈነዳ። የኒው ዮርክ ዓቃቤ ሕግ ምርመራ ከፈተ፤ ከቀረቡት ምስክሮች ብዙዎቹ በመሐላ ዋሹ። ጉዳዩ ወደ ምክር ቤት ሄደ። ኖቬምበር 2 ቀን 1959 ቫን ዶረን በእንደራሴዎች ፊት ቀርቦ ጥያቄውም መልሱም አስቀድሞ ይሰጠው እንደነበር አመነ። ያንኑ ሰሞን ከዩኒቨርሲቲውም ከኤን.ቢ.ሲ. ሥራውም ተሰናበተ።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት በኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ በአርታኢነት ሠራ፤ ከአደባባይ ርቆ ኖሮ በ2019 በ93 ዓመቱ አረፈ። ምክር ቤቱም በ1960 ሕጉን አሻሽሎ የቴሌቪዥን የእውቀት ውድድርን አስቀድሞ መወሰን ወንጀል እንዲሆን ደነገገ። የመጀመሪያው ሕግ፣ መላሹ በራሱ አእምሮ ያስብ የሚለው፣ ከዚያ ወዲያ በአሜሪካ የመንግሥት ሕግ ሆነ።

መልሱ ቀድሞ ጥያቄው ሲከተል

ከቅሌቱ በኋላ ጣቢያዎች የጥያቄና መልስ ዝግጅትን ፈሩት። መፍትሔ ያመጣችው ጁላን ግሪፊን ናት። ባሏ መርቭ ግሪፊን የቴሌቪዥን ሰው ነበር፤ በአውሮፕላን ሲጓዙ አዲስ ውድድር ማሰቡን ነግሯት የማጭበርበሩን ጉዳይ አነሣባት። እሷም መልሱን አንተው ቀድመህ ስጣቸው፣ ጥያቄውን እነሱ ያግኙ ስትል መከረችው። 5,280 ብላ ጀመረች፤ አንድ ማይል ስንት ጫማ ነው የሚለው ጥያቄ መልስ ነው። «ጄፐርዲ!» እንዲህ ተወለደና ማርች 30 ቀን 1964 በኤን.ቢ.ሲ. ተጀመረ። ከ1984 ጀምሮ እስከ 2020 ኅልፈቱ ድረስ የመራው ካናዳዊው አሌክስ ትሬቤክ ነው።

ቫን ዶረን ከተሰናበተበት ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በ1965 ሌላ ነገር ብቅ አለ። ኤድ ጉድጎልድ እና ዳን ካርሊንስኪ የተባሉ ሁለት ተማሪዎች በልጅነታቸው ስላዩአቸው ፊልሞች፣ ስለሰሟቸው የሬዲዮ ድራማዎችና ዘፈኖች እርስ በርስ መጠያየቅን የግቢው ጨዋታ አደረጉት። ውድድር አዘጋጁ፤ በ1966 መጽሐፍ አሳተሙ። ሽልማቱ ብዙ አልነበረም፣ ስፖንሰርም አልነበረም። ሰው አብሮት ያደገውን ትንሽ ነገር ማስታወሱ ብቻ እንደሚያስደስተው አሳዩ።

ፊሊፕ የተባለው ወጥመድ

ፍሬድ ዎርዝ በካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ነበር። ለዓመታት የሰበሰባቸውን ጥቃቅን መረጃዎች በ1974 «ዘ ትሪቪያ ኢንሳይክሎፒዲያ» ብሎ አሳተመ። ሥራውን የሚሰርቅ ቢመጣ እንዲያዝበት አንድ ሐሰት በመሐል ሸጎጠ፤ በፒተር ፎክ የተተወነው የታዋቂው ተከታታይ ፊልም መርማሪ፣ ሌተናንት ኮሎምቦ፣ የመጠሪያ ስሙ ፊሊፕ ነው አለ። ፊልሙ ውስጥ ኮሎምቦ በመጠሪያ ስሙ አይጠራም፤ በአንድ ክፍል በመታወቂያው ላይ የታየውም ፍራንክ የሚል ነው።

ዲሴምበር 15 ቀን 1979 በካናዳ ሞንትሪያል ሁለት ጋዜጠኞች፣ ክሪስ ሄኒ እና ስኮት አቦት፣ ስክራብል ሊጫወቱ ሲሉ ፊደላቱ ጎድለው አገኙ። ለምን የራሳችንን ጨዋታ አንፈጥርም ተባባሉ፤ በዚያው ዕለት የ«ትሪቪያል ፐርሱት»ን ንድፍ አወጡ። ጂኦግራፊ፣ መዝናኛ፣ ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍና ሥነ ጥበብ፣ ሳይንስ፣ ስፖርት፤ ስድስት ዘርፍ፣ ስድስት ቀለም፣ 6,000 ጥያቄ። ገንዘብ ስላልነበራቸው ለወዳጅና ለሥራ ባልደረባ አክሲዮን ሸጡ። ንድፉን የሠራላቸው የ18 ዓመት ወጣት ሠዓሊም የተከፈለው በአክሲዮን ነው። በ1981 ለሙከራ ያወጧቸው 1,100 ጨዋታዎች እያንዳንዳቸው 75 ዶላር ፈጁ፤ ለነጋዴ የተሸጡት ግን በ15 ዶላር ነበር። ኪሳራው ተስፋ አላስቆረጣቸውም። በ1984 ብቻ በሰሜን አሜሪካ 20 ሚሊዮን ያህል ተሸጠ። ያመኗቸው ወዳጆችም ባለጸጋ ሆኑ።

በዚያው ዓመት ዎርዝ ከጨዋታው ካርዶች አንዱ የኮሎምቦ መጠሪያ ስም ማን ነው ሲል፣ መልሱም ፊሊፕ ሲል አገኘው። የ300 ሚሊዮን ዶላር ክስ መሠረተ። የጨዋታው ሰዎች መጽሐፉን መጠቀማቸውን አልካዱም፤ የተጠቀምነው ግን ከብዙ መጻሕፍት አንዱን ነው አሉ። ፍርድ ቤት ለእነሱ ፈረደ፤ በ1987 የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም አጸናው። የውሳኔው ፍሬ ነገር ዛሬም ይሠራል፦ እውነታ የማንም የግል ንብረት አይደለም። ማንም ሰው የአባይን ርዝመት ስለጻፈ አባይ የእሱ አይሆንም።

እኔ ግን ከፍርዱ ይልቅ የሚከብደኝ የፊሊፕ ዕጣ ነው። ዎርዝ ለወጥመድ የጻፈው ሐሰት በሚሊዮን ቤቶች ጠረጴዛ ላይ ቀረበ፤ እውነት የመለሰ ተጫዋች ተሸነፈ፣ ሐሰት የመለሰ ነጥብ ወሰደ። ሁለተኛው ሕግ፣ ጠያቂው እውነተኛ መልስ ይያዝ የሚለው፣ ሲጣስ እንዲህ ነው።

የሚሊዮኑ ወንበር

ሴፕቴምበር 4 ቀን 1998 በብሪታንያው አይ.ቲ.ቪ. «ሚሊየነር መሆን የሚፈልግ ማነው?» ተጀመረ። 15 ጥያቄ፣ አራት አራት ምርጫ፣ ለጨነቀው ሰው ደግሞ ወዳጅ ጋር መደወልን የመሰለ እርዳታ። አሠራሩ በብዙ አገሮች ተወረሰ፤ በሕንድ በ2000 በተዋናዩ አሚታብ ባችቻን አቅራቢነት ሲጀመር የአገር መነጋገሪያ ሆነ።

በአሜሪካ ሚሊዮኑን መጀመሪያ የወሰደው በግብር መሥሪያ ቤት የሚሠራው ጆን ካርፔንተር ነው፤ ኖቬምበር 1999። የመጨረሻው ጥያቄ «ላፍ ኢን» በተባለው የቴሌቪዥን የቀልድ ዝግጅት የታየው ፕሬዚዳንት ማን ነው የሚል ነበር። ካርፔንተር አባቱ ጋር አስደወለና እርዳታ እንደማይፈልግ፣ ሚሊዮኑን ሊያሸንፍ መሆኑን ለመንገር እንደደወለ አበሠረው። መልሱ ሪቻርድ ኒክሰን ነበር። በብሪታንያም በኖቬምበር 2000 ጁዲት ኬፕል የአኪቴይኗ ኤሊኖር ባል ዳግማዊ ሄንሪ መሆኑን መልሳ የመጀመሪያዋ ባለ ሚሊዮን ሆነች።

በሴፕቴምበር 2001 በዚያው ወንበር የተቀመጠው ሻለቃ ቻርልስ ኢንግራም ነው። ከኋላው 100 ዜሮ ያለው የ1 ቁጥር ምን ይባላል ለሚለው ጥያቄ ጉጎል ብሎ መልሶ 1 ሚሊዮን ፓውንድ ማሸነፉ ተነገረ። አዘጋጆቹ ግን ቅጂውን መልሰው ሲያዳምጡ ምርጫዎቹን እያነበበ ትክክለኛው ላይ ሲደርስ ተሰብሳቢው መሐል የሚያስል ሰው ሰሙ። ገንዘቡ ታገደ። በ2003 የለንደን ፍርድ ቤት ሻለቃውን፣ ሚስቱንና በመጠባበቂያነት ተቀምጦ የነበረውን ሌላ ተወዳዳሪ ጥፋተኛ ብሎ የገደብ እስራትና መቀጮ ወሰነባቸው። እነሱ ንጹሕ ነን ማለታቸውን አልተዉም።

ሰውና ማሽን

«ጄፐርዲ!» በ2003 አሸናፊ ከአምስት ቀን በላይ እንዳይቆይ የሚከለክለውን ደንብ አነሣ። በሚቀጥለው ዓመት ከዩታ የመጣው የኮምፒውተር ባለሙያ ኬን ጄኒንግስ ተከታትሎ 74 ጊዜ አሸንፎ 2,520,700 ዶላር ሰበሰበ። የጣለው ስለ አንድ የግብር ሒሳብ ድርጅት የቀረበ ጥያቄ ነው።

በፌብሩዋሪ 2011 ጄኒንግስና ሌላው ታላቅ አሸናፊ ብራድ ራተር ከአይ.ቢ.ኤም. ማሽን ከዋትሰን ጋር ተሰለፉ። ዋትሰን በ90 ሰርቨሮች የሚሠራ፣ ኢንተርኔት ላይ ሳይገባ ካከማቸው ጽሑፍ ብቻ የሚመልስ ነበር። ውጤቱ ዋትሰን 77,147፣ ጄኒንግስ 24,000፣ ራተር 21,600 ዶላር ሆነ። ይህም ሆኖ ስለ አሜሪካ ከተሞች በቀረበ ጥያቄ ላይ ዋትሰን መልሱ ቶሮንቶ ነው ብሎ ነበር። ቶሮንቶ ያለችው ካናዳ ነው። ብዙ ማንበብ ከስህተት እንደማያድን ማሽኑም አሳየ። በውድድሩ የተሸነፈው ጄኒንግስ ዛሬ የ«ጄፐርዲ!» አቅራቢ ነው፤ ሰዎችም የሰው ልጅ ሲያስታውስና ሲረሳ ማየትን አልተዉም።

የእኛ ጥያቄዎች

በትምህርት ቤቶቻችን የወላጆች ቀን ሲከበር የጥያቄና መልስ ውድድር ከመድረክ አይጠፋም። ኢትዮጵያም በዓለም የጠቅላላ እውቀት ጥያቄዎች ውስጥ የራሷ ቦታ አላት፤ 13 ወር ያለው ዘመን አቆጣጠሯ፣ በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ፣ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ። እነዚህ ሁሉ ማስረጃቸው የጠነከረ ነው።

ከነዚህ ጋር አብሮ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ ግን አለ፤ ቡናን ያገኘው ማነው? የሚጠበቀው መልስ ካልዲ ነው። ስለ እረኛውና ስለፈነጠዙት እንስሳት የሚናገረው ተረት በጽሑፍ የወጣው በ1671 ሮም ላይ ፋውስቶስ ናይሮን በላቲን ባሳተመው መጽሐፍ ነው። እዚያ ካልዲ የሚል ስም የለም። ስሙ የተጨመረው ዘግይቶ ነው። የማያጠራጥረው የአረቢካ ቡና ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች መብቀሉ ነው፤ ይህም ከየትኛውም ተረት የበለጠ የሚያኮራ እውነት ነው። ተረቱን እንደ ተረት መንገር ደስ ይላል። ለተማሪ የታሪክ ጥያቄ አድርጎ ማቅረብና ነጥብ መስጠት ግን የራሳችንን ፊሊፕ ማሠራጨት ነው።

ስለዚህ ጥያቄ የምታዘጋጁ መምህራን፣ ጋዜጠኞች፣ የማኅበር አስተባባሪዎችና ወላጆች ሁሉ፣ ልጆች መድረክ ላይ ከመውጣታቸው በፊት መልሳችሁን ከአንድ በላይ በሆነ ምንጭ አጣሩ። መልሱ ያከራክር እንደሆነ ጥያቄውን ተዉት። የምታስጠኑትን ልጅ ለማሸነፍ ሳይሆን ለማወቅ አስጠኑት፤ ቢሳሳትም በራሱ አእምሮ ይሳሳት። ያልተጣራ መልስ ይዞ የሚጠይቅ ሰው አገር ሊሰጠው አይገባም።